ቃለ ጉባኤ ላይ ያልሰፈረው ጥያቄ

ልጆቼ፣ «ቦርዳቸው ውስጥ ሴቶች ያሏቸው ኩባንያዎች የበለጠ ያተርፋሉ» የሚለውን እየተቀባበላችሁ ስታጋሩ አያለሁ። ደስ ይለኛል። ግን ከቦርድ ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ያረጀሁ ሴት ነኝና፣ ይህን በሰማሁ ቁጥር «የቱ ቀደመ?» እላለሁ። ሴት ስለሾመ አተረፈ ወይስ የደላው ስለሆነ ሾመ?

ኖርዌይን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ አክሲዮን ማኅበራት በቦርዳቸው ከሁለቱም ጾታ ቢያንስ 40 በመቶ እንዲኖራቸው አዘዘ። በ2008 ያላሟላ እስከ መፍረስ ሊደርስ ይችል ነበር። አንዳንዶቹ ሽሽት ላይ ሆነው ሕጉ ወደማይነካው የኩባንያ ዓይነት ተቀየሩ። በ2012 የታተመ የተመራማሪዎቹ የአኸርን እና የዲትማር ጥናት የኩባንያዎቹ ዋጋ ወረደ አለ፤ አዲሶቹ አባላት ልምዳቸው አነስተኛ መሆኑንም በምክንያትነት አነሳ። ቆይቶ ኤክቦ የተባለ ሌላ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያንኑ የኖርዌይ ጉዳይ እንደገና መርምረው፣ በዋጋ ላይ ከዜሮ የሚለይ ውጤት አላገኘንም አሉ።

ስለዚህ ወንበራችሁን በአክሲዮን ዋጋ ላይ አታንጠልጥሉት። ዋጋው ነገ ሲወርድ ተነሱልን ሊሏችሁ ነው? ወንድ ሲመረጥ «ዋጋውን በስንት ታሳድጋለህ?» ሲባል በዘመኔ አልሰማሁም።

ጥናቶቹ የሚቆጥሩት ወንበር ነው። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ስሙን በማልጠራው ኩባንያ፣ ከዘጠኙ የቦርድ አባላት ብቸኛዋ ሴት የነበሩት ወይዘሮ የሂሳብ መግለጫውን ገልጠው፣ ኩባንያው ገና ያልተከፈለውን ገንዘብ እያሳዩ «ይህ ተሰብሳቢ ሂሳብ በየዓመቱ የሚያብጠው ለምንድን ነው? ያልከፈሉን እነማን ናቸው?» አሉ። ሰብሳቢው «ይሰበሰባል» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። እኔም «በሂሳብ መግለጫው ላይ ውይይት ተደርጎ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር።

ከሁለት ዓመት በኋላ የውጭ ኦዲተሮቹ አብዛኛው ዕዳ አይሰበሰብም አሉ። የዚያ ዓመት የትርፍ ድርሻ ቀረ። «ማንም አላስጠነቀቀንም» ሲባል ወይዘሮዋ ወደ እኔ ዞሩ። መዝገቡን ገለጥኩ። ጥያቄያቸው የለም። ምንም አላሉኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ሂሳብ ማንበብ ተማሩ፤ የሕግም የምሕንድስናም ምሩቅ ብትሆኑ። ከትርፉ በፊት ጥሬ ገንዘቡን እዩ፣ ከሂሳብ መግለጫው ጋር የሚያያዙትን ማብራሪያዎች እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ። ከቻላችሁም ትንሽ አክሲዮን ግዙ፤ ቦርድ የሚመርጠው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነውና። እናት ባንክን የመሠረቱት ሴቶች ጥሪ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም፤ ገንዘባቸውን ይዘው ጀመሩት።

የተመረጣችሁ ቀን ደግሞ፣ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ስልካችሁን አትነካኩ። የጠየቃችሁት ካልሰፈረ ከመጽደቁ በፊት «ይታረምልኝ» በሉ። ጸሐፊዋ ፊቷን ብታጠቁርባችሁም።