ፓተርኗን የሰጠችኝ ለስክሪኑ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ውስጥ ሞባይል ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ወር አንዲት ሴት ስክሪኑ የረገፈ ሳምሰንግ ይዛ መጣች። ስክሪኑ ሲቀየር ንክኪው መሥራቱን ማየት ስላለብኝ ፓተርኗን ጠየቅኋት። ብጣሽ ወረቀት ላይ ሥላ ሰጠችኝ፤ እንደ ልማዳችን ከስልኩ ጀርባ ለጠፍኩት። ስክሪኑ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቅዳሜ ተመለሺ አልኳት።

ሐሙስ ዕለት ባለቤቷ መጣ። የአለቃዬ ወዳጅ ነው። «ስክሪኑ ሲገባ ቴሌግራሟን በእኔ ስልክ ክፈትልኝ። የመግቢያ ኮዱ በእሷ ስልክ ሲመጣ ደውለህ ትነግረኛለህ፤ ከዚያ መልእክቱን ታጠፋዋለህ» ብሎ 3,000 ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ብሩን መለስኩለትና አልችልም አልኩ። አለቃዬ ማታ ተቆጣኝ፤ «ባልና ሚስት ናቸው፣ አንተን ምን አገባህ? በሰው ትዳር ዳኛ አትሁን» አለኝ። ዓርብ ስክሪኑ መጣ፤ ገጥሜ ፈትኜ ወጣሁ፤ ሱቁን የዘጋው አለቃዬ ነው። ቅዳሜ ሴትዮዋ ከፍላ ወሰደች። ምንም አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ፊት ነስቶኛል። አጥፍቻለሁ? ለሴትዮዋስ መንገር ነበረብኝ? እውነቱን ልናገርና፣ ንክኪ ስፈትን ጋለሪ ከፍቼ ፎቶ ማገላበጥ እኔም ለምዶብኛል። ገልብጬ ግን አላውቅም።

የሞባይል ባለሙያው፣ ከደሴ

መልስ፦ ልጄ፣ አላጠፋህም። በሰው ትዳር የምትገባው ኮዱን ብትነግረው ኖሮ ነበር። ሚስቱ ከእህቷ ጋር ያወራችው፣ ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ጋር የተጻጻፈችው፣ ምናልባት ለሐኪም የላከችው የምርመራ ውጤት ሁሉ በአንተ እጅ አልፎ ይሄድለት ነበር። ባልና ሚስት ናቸው እንበል፤ እህቷ ግን የጻፈችው ለእህቷ ነው።

እኔ ሞባይል ጠግኜ አላውቅም። በወጣትነቴ ግን ጎንደር ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ለስድስት ዓመት ፊልም አጥቤያለሁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት፣ ነጩን ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ስትነክረው መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ ዓይን ብቅ ይላል። የሰውን ፎቶ ከባለቤቱ በፊት የሚያየው አጣቢው ነው። በ1981 ዓ.ም. አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የጓደኛዋን ቀሚስ ለብሳ፣ ሹሩባዋን ፈትታ ተነሣች፤ ሦስት ፖስትካርድ አዘዘች። ሦስቱን አጠብኩላት። አራተኛውን ትልቅ አድርጌ አጠብኩና በር ላይ ካለው መስታወት ውስጥ ሰቀልኩት። ያኔ ሁሉም ፎቶ ቤት ያምር የነበረውን ፎቶ ይሰቅል ነበር፤ ማንም አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

እሑድ አባቷ ከቅዳሴ ሲመለሱ አዩት። ሰኞ ጠዋት እናቷ መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ወደ መስታወቱ እንኳ ሳያዩ፣ «እባክህ የኔ ልጅ፣ አውርድልኝ» አሉኝ። አወረድኩት። ልጅቱ ግን ትምህርቷን አልቀጠለችም፤ ገጠር አክስቷ ዘንድ ሰደዷት። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ ፎቶው ቆንጆ ስለነበር ነው። እሷ የፈቀደችልኝ ግን ሦስቱን እንዳጥብ ብቻ ነበር። ይህን ያህል ዓመት አልፎ እንኳ የእናቲቱ ድምፅ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ለዚህ ነው ጋለሪ ስለማገላበጥ የጻፍከውን ዝም ብዬ የማላልፈው። ፓተርኗን የሰጠችህ ለስክሪኑ ነው። ንክኪው መሥራቱን ካየህ ፈቃዱ እዚያው አበቃ። አልገለበጥኩም ትላለህ፣ አምንሃለሁ፤ ግን ነገ መንገድ ላይ ስታገኛት አንተ የምታውቀውን እሷ አታውቅም። ነገሩ የእናንተ ሱቅ ብቻ ችግር አይደለም። ካናዳ ውስጥ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የሚደረግበትን ሁሉ በድብቅ የሚመዘግብ ላፕቶፕ ለ16 ጥገና ቤቶች ሰጥተው ነበር። ብልሽቱ ድምፅ አለማውጣቱ ብቻ ነው፤ እሱን ለመጠገን የማንንም ፎቶ መክፈት አያስፈልግም። ሆኖም ስድስቱ የባለቤቱን የግል ፋይል ከፍተው አይተዋል፤ ሁለቱ ገልብጠው አስቀርተዋል።

ንክኪውን ያለ ጋለሪ መፈተን እንደሚቻል ሳታውቀው አትቀርም። ሳምሰንግ ላይ መደወያው ገብተህ ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ኮከብ፣ መሰላል ስትጽፍ ብዙዎቹ ሞዴሎች የመፈተኛ ገጽ ያወጡልሃል፤ ቀለሙንም ንክኪውንም እዚያው ታያለህ። ካሜራው ስልኩ እንደተቆለፈ ይከፈታል፤ የቀድሞ ፎቶዎችንም አያሳይህም። ደንበኛው ሱቅ ውስጥ ካለ ደግሞ ራሱ ይክፈተው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ስልኩ ለጥገና ሲሰጥ የባለቤቱን ፎቶና መልእክት የሚሸፍን የጥገና ሁነታ አስገብቷል። ስክሪኑ ለረገፈ ስልክ አይሆንም፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ማብራት አለበትና። ባትሪ ወይም ቻርጅ ማድረጊያ ለሚያስቀይር ሰው ግን «አብርተህ ስጠኝ» ብትለው ከሰውየው ይልቅ አንተ ትጠቀማለህ፤ ኋላ አንድ ነገር ቢወጣ ማንም ጣቱን ወዳንተ አይቀስርም።

ስለ ሕጉም ላንሣ፤ አለቃህ ይህን ክፍል ቢያነበው ደስ ይለኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰው በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል፤ ያገባን ሰው ከዚህ አላወጣም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የገባውንም፣ ከተፈቀደለት አልፎ የሄደውንም በወንጀል ይጠይቃል፤ ስልክ ደግሞ በአዋጁ ትርጉም ኮምፒውተር ነው። ፓተርን ተሰጥቶህ መልእክት ብትከፍት ከተፈቀደልህ ያለፍክ አንተ ነህ። ሰውየው ኮዱን ደውለህ ንገረኝ ብሎሃል፤ የሚቀረው መዝገብ ያንተና የእሱ ጥሪ ነው።

ሥራህን ብታጣ ምን እንደሚመጣብህ እኔ እዚህ ተቀምጬ አላቀልልህም፤ የቤት ኪራዩን የምትከፍለው አንተ ነህ። ከአለቃህ ጋር ስትነጋገር ስለ ትዳር አትከራከር፣ ስለ ሱቁ አውራ። «ጋሼ፣ የዚህ ሱቅ ሰዎች የሚስትን ስልክ ለባል ይከፍታሉ የሚል ወሬ ከወጣ ማን ሴት ስልኳን እዚህ ታሳድራለች?» በለው። የገበያን ነገር እሱ ካንተ ይበልጥ ያውቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። አዎ፣ ንገራት። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነብ ልቤ የቆመው ዓርብ ማታው ላይ ነው። ስክሪኑ ተገጥሞ፣ ፓተርኑ ከጀርባው ተለጥፎ፣ ስልኩ ሱቅ ውስጥ አደረ። ቁልፉ አንተ ዘንድ አልነበረም። አለቃህ አደረገው አልልም፤ አላየሁም፤ አንተም አላየህም። ሊሆን እንደሚችል ግን ሁለታችንም እናውቃለን፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ደውለህ ነገሩን እንዳትዘረግፈው፤ ስልኩን ማን እንደሚያነሣው፣ ማን አጠገቧ እንዳለ አታውቅም። «የገጠምኩልሽን ስክሪን ደግሜ ልየው፣ ስታልፊ ብቅ በይ» በላት፤ ስትመጣም እውነትህን እየው። ከዚያ ለብቻዋ፣ አለቃህ በሌለበት ሰዓት፣ ቴሌግራሟን ራሷ እንድትከፍት አድርግ። ሴቲንግ ውስጥ ‹ዲቫይስስ› የሚለውን ስትነካ አካውንቷ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ይዘረዘራሉ። የእሷ ያልሆነ ካለ እዚያው ታስወጣዋለች። ሁለተኛ የይለፍ ቃልም ትጨምርበት፤ እሱ ካለ ኮዱን ብቻ ያገኘ ሰው መግባት አይችልም። ፓተርኗንም ትቀይር።

ባለቤቷ ያለህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገራት። ለምን እንዳለው አትገምት፣ ምን ማድረግ እንዳለባትም አትምከራት፤ የሚመጣባትንና የሚበጃትን የምታውቀው እሷ ናት። ለሌላ ሰው፣ ለሥራ ባልደረባህም ቢሆን፣ ይህን ወሬ አታውራ።

ወረቀቷንም እስካሁን ካልጣልካት በእጇ መልስላት።