ለመጀመር ስድስት ከረጢት ይበቃል

ልጆቼ፣

ከጎንደር ሰፈሮች፣ ከአዘዞም ከማራኪም፣ ወጣቶች ሲያገኙኝ «እንጉዳይ ቤት ውስጥ ማምረት ያዋጣል ወይ?» ይሉኛል። ያዋጣል። ከትርፉ በፊት ግን አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ንጽሕና ላይ እንዴት ናችሁ?

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በላቦራቶሪ ሙያ ነው። የሥራዬ ትልቁ ክፍል የማልፈልገው ነገር እንዳይበቅል መጠበቅ ነበር። እንጉዳይም ላይ ያለው ጣጣ ይኸው ነው። እንጉዳዩ የሚበቅለው እርጥብ ጭድ ላይ ነው፤ እዚያው ላይ መብቀል የሚፈልግ ሻጋታ ደግሞ አየሩን ሞልቶታል። ጭዱን የእናንተ ዘር ቀድሞ እንዲይዘው ካደረጋችሁ ሌላው ቀላል ነው።

ስትጀምሩ ኦይስተር በሚባለው የእንጉዳይ ዓይነት ጀምሩ። ክቡና ነጩ እንጉዳይ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት፣ ከላይም የሚለብስ አፈር ይፈልጋል። ለጀማሪ አይመከርም። ኦይስተር ጭድ ካገኘ ይበቃዋል። ክረምት ሜዳ ላይ የሚወጣውን የጅብ ጥላ ለቅሞ «ይኼም እንጉዳይ ነው» ማለት ግን በፍጹም አይሞከርም። ከሚበላው ጋር ቁርጥ አንድ የሚመስል ገዳይ ዓይነት አለ፤ ተቀቅሎም መርዙ አይለቅም።

ገንዘባችሁን የምታወጡት ዘሩ ላይ ይሁን። ዘር የምንለው በተቀቀለ ማሽላ ወይም ስንዴ ላይ የተባዛውን የእንጉዳይ ነጭ ድር ነው። ይህን ራሴ ላዘጋጅ የምትሉ አላችሁ። ጊዜው ሲደርስ ትማሩታላችሁ፤ አሁን ግን ግዙት። ስትገዙ ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ዙሪያውን እዩት። እህሉ በነጭ ድር ተሸፍኖ እርስ በርሱ የተያያዘ መሆን አለበት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ካለበት፣ ከሥሩ ውኃ ካቆረ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው፣ ሻጩ ዘመዳችሁም ቢሆን አትውሰዱ። መቼ እንደተዘጋጀ ጠይቁ። ከሌላ ከተማ የምታስመጡት ከሆነ መንገድ ላይ ፀሐይ እንዳይመታው አደራ በሉ፤ እንደደረሰም ፍሪጅ ይግባ።

አንድ ኪሎ ዘር ለ20 ኪሎ ያህል እርጥብ ጭድ ይበቃል። በሦስት ሦስት ኪሎ ብትሞሉት ስድስት የላስቲክ ከረጢት ይወጣችኋል። በዚህ ጀምሩ። መቶ ከረጢት ልጀምር ብሎ ብድር ሊወስድ ለሚያስብ ልጅ ከልቤ የምለው ይህን ነው፦ ቤትህን ገና አታውቀውም። የትኛው ጥግ እንደሚሞቅ፣ የትኛው ግድግዳ እንደሚሻግት የሚነግሩህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ከረጢቶች ናቸው።

ጭዱ የስንዴም የጤፍም ይሆናል። ዋናው ዝናብ ያልመታው፣ ያልሻገተ፣ የዘንድሮ መሆኑ ነው። ረጅሙን የስንዴ ገለባ በጣት ርዝመት ቆራርጡት። የጤፍ ጭድ ቀጭን ስለሆነ ሲጠቀጠቅ አየር ያጣል፤ ስለዚህ ላላ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ከስንዴ ጋር ብትቀላቅሉት ደግሞ የተሻለ ነው።

ጭዱን በጆንያ ከትታችሁ ሙቅ ውኃ ያለበት በርሜል ውስጥ ንከሩት። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሙቀት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ አያሳስባችሁ፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም ማንተክተክ አያስፈልግም። ሙቀቱ ሻጋታውን ገድሎ አንዳንድ ጠንካራ ባክቴሪያዎችን ቢተው ይጠቅማል፤ እነሱ ሻጋታው ተመልሶ እንዳይገባ ያግዛሉ።

ከዚያ ውኃው ይጠንፈፍ፣ ጭዱም ይቀዝቀዝ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ትኩስ ጭድ ዘሩን ይገድለዋል። አንድ እፍኝ አንሡና አጥብቃችሁ ጭመቁ። በጣታችሁ መካከል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ካለ ልክ ነው። ውኃው ከፈሰሰ ይቆይ። እጃችሁ ካልረጠበ ደግሞ ደርቋል።

ዘሩን ስትቀላቅሉ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ታጠቡ፣ ጠረጴዛውን በአልኮል ወልውሉ፣ በርና መስኮት ዝጉ። በዚያ ሰዓት ቤት አይጠረግ፤ አቧራው የሻጋታ ዘር ይዞ ይነሣል። ሊጥ የሚቦካበት ወይም ጠላ የሚጠነሰስበት ክፍልም አይሁን። ለአንድ ከረጢት 150 ግራም ያህል ዘር ከጭዱ ጋር እያፈራረቃችሁ ደርቡ። አፉን እሰሩ፤ ጎን ጎኑን በተጠረገ ምስማር ብሱት። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ጨለማ ጥግ ላይ አስቀምጡት። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ የታኅሣሥ ብርድ ሲሆን ይዘገያል።

በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ከየፍሬው ዙሪያ ጥጥ የመሰለ ነገር ሲወጣ ታያላችሁ። ቀስ እያለ ይገናኝና ከረጢቱን ሁሉ ያነጣዋል። አረንጓዴ ነገር ሲሰፋ ካያችሁ ያ ከረጢት አብቅቶለታል። ሳትፈቱት ከቤት አውጡት። «ትንሽ ልይለት» የሚል ሰው የቀሩትንም ያጣል፤ ይህን በላቦራቶሪም ደጋግሜ ያየሁት ነው።

ሙሉ በሙሉ ሲነጣ ብርሃን፣ ንጹሕ አየርና እርጥበት ይፈልጋል። ብርሃኑ መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃ ይሁን እንጂ ፀሐይ አይምታው። አገዳው ረዝሞ ባርኔጣው ካነሰ አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ መስኮት ክፈቱ። እርጥበቱ ከ80 እስከ 90 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ጎንደር ውስጥ የሚከብደውም ይኼ ነው። እርጥብ ጆንያ ዙሪያውን ስቀሉ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ጉም የሚበተን ውኃ በስፕሬይ ርጩ። ለስድስት ከረጢት አንድ ጀሪካን ብዙ ቀን ይሄዳል፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈርም ብትኖሩ ይቻላል። በክረምት እርጥበቱ በነጻ ነው፤ ዝንብና ሻጋታ ግን ይበዛል።

ቡቃያው ከታየ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ይደርሳል። የባርኔጣው ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ ዘለላውን በሙሉ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ንቀሉት። ካለፈበት ነጭ ብናኝ ይለቃል፤ ብናኙ ሳንባ ያስቆጣል። ስለዚህ መኝታ ቤት ውስጥ አታምርቱ። አስም ያለበት ሰው ካለ ጭራሽ ከመኖሪያ ቤቱ ተለይቶ ይሠራ። ስትለቅሙም ማስክ አድርጉ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ያበቅላል፤ ከአንድ ከረጢት ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቀማል። ሲያበቃ ጭዱ ለጓሮ ማዳበሪያ ይሆናል።

ከአንድ ኪሎ ደረቅ ጭድ ግማሽ ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ካገኛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሳችሁ ከቤተሰብ ጋር ብሉ። ለደንበኛ «ሥጋን ይተካል» አትበሉ። ትኩስ እንጉዳይ ወደ 90 በመቶ ውኃ ነው። ጣፋጭ የጾም ምግብ ነው በሉት፤ እውነቱ ይኼ ነው፤ ለመሸጥም ይበቃል።

ገበያውን ካሰባችሁ ወራቱን አስሉ። ጭድ በብዛት የሚገኘው ከውቂያ በኋላ ነው። በጥምቀት ሰሞን ያዘጋጃችሁት ከረጢት የሚደርሰው ዐቢይ ጾም ላይ ነው፤ ሆቴሎች የጾም ምግብ የሚፈልጉበት ጊዜ ነው። ምርቱ ሳይደርስ አስቀድማችሁ አንድ ሁለት ሆቴል አነጋግሩ፣ በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሚወስዱ ጠይቁ። ትኩሱ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ቢቆይ ነው፤ እሱም በወረቀት ከረጢት ከሆነ። በፌስታል ካሰራችሁት ያልበውና ይሟሟል።