ስዕሉ ላይ የሌለው ውጥረት

ልጆቼ፣ ተርባይን ሥራ ላይ ገና ለገባችሁት አንድ ጥያቄ ላስለምዳችሁ። ይህ ሮተር፣ ማለትም የተርባይኑ የሚዞር ዘንግ፣ ጭነት ሳያርፍበት በፊት ምን ተሸክሟል? መልሱ ቀሪ ውጥረት ነው፤ ብየዳው ሲበርድ ብረቱ ውስጥ ታምቆ የሚቀር።

ሂሳቡን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። ብረት በየ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይኮማተራል። የተበየደው ቦታ 600 ዲግሪ ሲወርድ በሜትር 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ልኮማተር ይላል ማለት ነው። ዙሪያውን የያዘው ቀዝቃዛ ብረት ግን አይለቀውም። 500 ሜጋፓስካል (የውጥረት መለኪያ ነው) የሚችል ብረት ደግሞ ሳይበላሽ የሚለጠጠው በሜትር 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ብየዳው ሲበርድ እስከ አቅሙ ጫፍ ተወጥሮ ሊቀር ይችላል። በድምፅ ሞገድ ስንጥቅ የሚፈልገውን አልትራሳውንድ ብታደርጉለት ንጹሕ ነው ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ስንጥቅ የለም። ውጥረቱ ግን አለ።

50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚዞር ሮተር በራሱ ክብደት ትንሽ ይረግባል። ላዩ በየዙሩ አንዴ ይሳባል፣ አንዴ ይጨመቃል። በቀን 4.32 ሚሊዮን ጊዜ! ቀሪው ውጥረት በዚህ ላይ ሲደመር ትንሿን ስንጥቅ አፏን ከፍቶ ይይዛታል። እርጥብ እንፋሎት ካገኘችማ ጉድ ነው።

መድኃኒቱ ምድጃ ነው። ሮተሩ ከተበየደ በኋላ እንደ ብረቱ ዓይነት 600 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል፣ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። ይህቺን «ቀስ ብሎ» የምትለዋን በወጣትነቴ ንቄያት ነበር። ሥራው ዘግይቷል፣ አለቆች ይጨቀጭቃሉ። «በቃው» ብዬ የምድጃው በር ቀድሞ እንዲከፈት ፈረምኩ። ቶርኖ (መላጫ ማሽን) ላይ ሲወጣ የመለኪያዋ መርፌ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ለበሩ የቀረበው ጎን ቀድሞ በርዶ ሮተሩ ጎብጧል። ላጥነው፣ ቀና። ሌላ ቦታ ስንልጠው ደግሞ ጎበጠ። አንዱ ጋ የሚስበውን ሌላው ጋ የሚገፋው ይዞት ነበርና፣ ከላይ ባነሳን ቁጥር ሚዛኑን እናፈርሳለን። ተመልሶ ምድጃ ገባ። ጥቂት ሰዓት ላተርፍ ሳምንታት ከፈልኩ።

ዛሬ በኮምፒውተር የውጥረቱን ያማረ ባለቀለም ምስል ታወጣላችሁ። አልጠላውም። ግን ቁጥር ሲሰጧችሁ በየት ጥልቀት፣ በየት አቅጣጫ ብላችሁ ጠይቁ። ኤክስሬይ የሚያየው ከሚሊ ሜትር መቶኛ ያህሉን ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ መለካትም ከላዩ ብዙ አያልፍም። የኒውትሮን ጨረር ሴንቲ ሜትሮች ይገባል፣ ግን ሙሉ ሮተር ተሸክማችሁ ወደ ኒውትሮን ማመንጫ አትሄዱም። የሚሻለው በዚያው አሠራር የተበየደ የሙከራ ቀለበት ቆርጦ ማየት ነው።

ከዚያ የምድጃውን የሙቀት መዝገብ አስወጡ። ሰው ሁሉ የሚያየው ጣሪያውን፣ ከፍተኛውን ሙቀት ነው፤ እናንተ መውረጃውን፣ እንዴት እንደበረደ እዩ። እኔ የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ጣሪያው እንከን አልነበረውም።