ድንጋይ የለበሰ የበረዶ ግግር ይቆያል ወይስ ቶሎ ይቀልጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ካለ ካባ ወደ አዲስ አበባ ድንጋይና ጠጠር የማመላልስ የገልባጭ መኪና ሹፌር ነኝ። ሰሞኑን በቴሌቪዥን የሂማላያን ተራሮች ሲያሳዩ አንድ ግራጫ የድንጋይ ሜዳ መጣና «ይህ የበረዶ ግግር ነው» አሉ። ድንጋዩ ከፀሐይ ይከልለዋል ወይስ ግሎ ያቀልጠዋል? ያን ሁሉ ተሸክሞስ እንዴት ይሄዳል? በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ ያውቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መከለሉም ማቅለጡም እውነት ነው። የሚለየው ውፍረቱ ነው።

ጡረታ ሳልወጣ እዚሁ ለገጣፎ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ክረምት ላይ በረዶ ጥሎ ግቢው ሲነጣ ተማሪዎቼን አስወጣና በረዶውን በሦስት ቦታ አስከምራቸዋለሁ። አንዱን እንዳለ እንተወዋለን፣ በአንዱ ላይ አመድ ስስ አድርገን እንነሰንስበታለን፣ ሦስተኛውን ስንዝር በሚያህል አፈር እንቀብረዋለን። ቀድሞ የሚያልቀው አመድ የነካው ነው፤ የተቀበረው ከሁሉም በኋላ ይቀራል። ጠቆር ያለ ነገር የፀሐይን ሙቀት ይስባል፤ ስስ ከሆነ ያንኑ ሙቀት ወዲያው ለበረዶው ያቀብላል። ሲወፍር ግን ቀን የሰበሰበው ሙቀት ታች ሳይደርስ ሌሊቱ ይመጣና ወደ አየር ይመለሳል። ጉናር ኦስትረም የተባለ ተመራማሪ በሰሜን ስዊድን ግግር ላይ ይህንኑ ለክቶ በ1959 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። መለያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ የሳሳ ሽፋን ማቅለጡን ያፋጥናል፣ የወፈረው ያዘገያል፤ አንድ ሜትር ሲደርስ ከሥሩ የሚቀልጠው በጣም ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያው ድንጋይ የለበሰው ግግር አይነካም» ይላል። ይህ አባባል ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሂማላያ ላይ በሳተላይት ሲለካ ድንጋይ የለበሱት ግግሮች ከፍታቸው የሚቀንሰው ራቁታቸውን ካሉት ባልተናነሰ ፍጥነት ሆኖ የተገኘባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። አንደኛው ምክንያት ሽፋኑ ሙሉ አለመሆኑ ነው። ድንጋዩ የተንሸራተተበት ቦታ በረዶው እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይጋለጣል፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ ኩሬ ይተኛል። ኩሬው በፀሐይ እየሞቀ ገደሉን ከታች ይቦረቡረዋል። እነዚህ ቦታዎች ከግግሩ ስፋት ትንሽ ድርሻ ብቻ ቢይዙም የሚያቀልጡት በረዶ ከድርሻቸው እጅግ ይበልጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ከእንቅስቃሴው ጋር የተያያዘ ነው። ግግር የሚሄደው በገዛ ክብደቱ ነው። በረዶ ሲወፍር የታችኛው ክፍል ከላይ ባለው ጫና ቀስ እያለ ቅርጹን ይለውጣል፣ ወደ ቁልቁለቱም ይፈስሳል፤ ከሥሩ ውሃ ካለ ደግሞ በአለቱ ላይ ይንሸራተታል። ድንጋዩ በዚህ ጉዞ የሚጫን እንጂ የሚገፋ አይደለም። ከገደላማው ተራራ ይናድና ላይ ያለው ክፍል ላይ ይወድቃል፣ በየዓመቱ በሚጥለው በረዶ ይቀበራል፣ በውስጡ ተጉዞ ታች በረዶው ሲቀልጥ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሽፋኑ የሚወፍረው ወደ ጫፉ ነው። ጫፉ ሲከለል ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው፣ ሽፋኑ የሳሳበት ክፍል በብዛት ይቀልጣል። በዚህም የግግሩ ተዳፋት ይለዝባል፤ የሳሳና የለዘበ ግግር ደግሞ የሚገፋው ክብደት ስለሚያንስ ይዘገያል። ከላይ አዲስ በረዶ በበቂ አይደርሰውም፤ ባለበት ቆሞ ያልቃል።

ኤቨረስት ሥር ያለው የኩምቡ ግግር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ተራራ ወጪዎች የሚፈሩት የላይኛው የተሰነጣጠቀ ቁልቁለት በቀን አንድ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከታች ያሉት፣ በድንጋይ የተሸፈኑት የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ግን ከነጭራሹ የቆሙ ያህል ናቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ተዳፋቱ ሲለዝብ ውሃው መውረጃ ያጣል፣ ትናንሾቹ ኩሬዎች ተገናኝተው ሐይቅ ይሆናሉ። የኔፓሉ ኢምጃ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥቂት ኩሬዎች ብቻ ነበር። ሐይቁን ከፊት ያገደው ግግሩ ራሱ ያከማቸው ልቅ ድንጋይና አፈር ነው፣ በውስጡም በረዶ አለ። ቢናድ በታች ዲንግቦቼን የመሰሉ መንደሮች አሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. ኔፓል መውረጃ ቦይ ሠርታ የሐይቁን ውሃ ከ3 ሜትር በላይ ዝቅ አድርጋለች። እንዲህ ያለ ሥራ ከጎርፍ በፊት ሲሠራ ማየት ደስ ያሰኛል፤ በሌሎቹም አደገኛ ሐይቆች ላይ መሠራት አለበት።

የእኛን አገር በተመለከተ፦ ዛሬ በኢትዮጵያ የበረዶ ግግር የለም፤ በጥንት ዘመን ግን ነበረ። የባሌ ተራሮች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው ሳነቴ ጭምር፣ ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት ግግር ተሸክመዋል። በሰሜን ተራሮችና በአርሲም ነበረ። ማስረጃው ግግሮቹ ተሸክመው የተዉት ድንጋይ ነው፤ አንተ ደግሞ ድንጋይ የምታውቅ ሰው ስለሆንክ ለመለየት አትቸገርም። ወንዝ ያወረደው ጠርዙ ተልጎ ይሞልላል፣ ትልቁ ከትልቁ፣ አሸዋውም ለብቻው ይተኛል። ግግር የተወው ክምር ግን ዱቄት ከመሰለ አፈር እስከ ቤት የሚያክል ቋጥኝ ሳይመረጥ የተደባለቀበት ነው። ብዙው ድንጋይ ጠርዙ እንዳለ ነው፣ አንዳንዱም ፊቱ የተፋቀ፣ መስመር መስመር የወጣበት ይሆናል።