«ስበላ ምንም አይለኝም፣ ስሮጥም ምንም አይለኝም»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። 29 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እንጫወታለን። አንድ እሁድ የስንዴ ጨጨብሳ በልቼ፣ ወገቤን ስላመመኝ ደግሞ ዲክሎፌናክ ውጬ ሜዳ ገባሁ። ብዙም ሳልሮጥ መዳፌንና ብብቴን ያሳክከኝ ጀመር። ከዚያ ሰውነቴ በሙሉ ቀልቶ ጉብ ጉብ አለ፣ ከንፈሬ አበጠ፣ ዓይኔ ጨለመብኝና ወደቅኩ። ክሊኒክ ወስደው መርፌ ወጉኝ፣ ተሻለኝ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ። የሚገርመው ከዚያ ወዲህ ጨጨብሳ በልቻለሁ፣ ምንም አላለኝም። በባዶ ሆዴም ሮጫለሁ፣ ምንም አላለኝም። አንድ ሐኪም «አለርጂ ነው፣ ስፖርት ተው» አለኝና ሸኘኝ። በቃ ኳስ ቀረ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀረ ብዬ አላስብም። ግን የአለርጂ ነገር የሚያውቅ ሐኪም ሳያይህ ሜዳ አትግባ፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ከደብዳቤ ተነስቶ በሽታህ ይሄ ነው ማለት አይቻልም። የጻፍከው ግን ከአንድ የታወቀ ችግር ጋር በጣም ይመሳሰላል፦ ምግብና እንቅስቃሴ ሲገናኙ ብቻ የሚነሳ አናፊላክሲስ። አናፊላክሲስ ቆዳ ላይ የማይቆም፣ ትንፋሽንና የደም ግፊትን የሚነካ ከባድ አለርጂ ነው። ዓይንህ ጨልሞ የወደቅከው ግፊትህ ወርዶ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ስለ አንድ የረጅም ርቀት ሯጭ ጽፈው ነበር። ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ በልቶ ሲሮጥ ይነሳበታል፣ ካልሆነ ግን ደህና ነው። ዛሬ በብዛት ስሙ የሚነሳው ስንዴ ነው። ስንዴ ውስጥ ኦሜጋ-5 ግላያዲን የሚባል ፕሮቲን አለ፣ የብዙዎቹ ጠብ ከሱ ጋር ነው። ሰውነት ሲሠራ አንጀት በደንብ ያልተፈጨ ፕሮቲን ወደ ደም ማሳለፍ ይጀምራል ተብሎ ይታሰባል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ይሄንኑ ያባብሱታል። አልኮልም እንደዚያው። ሙቀት፣ ብርድ፣ ጉንፋን፣ አንዳንድ ሴቶች ላይ የወር አበባ ሰሞን ይጨመሩበታል። ለዚህ ነው አንዴ ተነስቶ ብዙ ጊዜ የሚቀረው፣ ሰውም «እንግዲህ ለቀቀኝ» ብሎ የሚዘናጋው። አንተ ያን እሁድ ሦስቱን ነው አንድ ላይ ያገናኘሃቸው፦ ስንዴ፣ ክኒን፣ ኳስ።

እናትህ ምች ማለታቸው አይገርምም፣ ፀሐይም ላብም ነበር። ዳማከሴ ግን ጉሮሮ ሲያብጥ አይደርስልህም።

ሐኪም ጋ ስትሄድ «አለርጂ አለብኝ» ብለህ ብቻ አትቁም። ከመነሳቱ በፊት በነበሩት ስድስት ሰዓታት የበላኸውን፣ የጠጣኸውን፣ የዋጥከውን ሁሉ ስልክህ ላይ ጽፈህ አሳየው። ሽፍታውን ፎቶ ያነሳ ጓደኛ ካለ እሱንም ያዝ። የኦሜጋ-5 ግላያዲን የደም ምርመራ ይቻል እንደሆነ ጠይቅ፣ ተራው የስንዴ ምርመራ ሊስተው ይችላልና። በልቶ ሮጦ መሞከር የሚባል ነገር ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪም ቆሞ እንጂ ሰፈር ሜዳ ላይ አይደረግም።

ስንዴ መሆኑ ከተረጋገጠ ብዙ ሰው የሚታዘዘው እንዲህ ነው፦ ከስፖርት በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ከስፖርት በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ስንዴ አለመንካት። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳንቡሳ፣ ብስኩት ሁሉም አንድ ናቸው። ገብስም ተመሳሳይ ፕሮቲን ስላለው በሶና ቢራን ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትመናቸው። የጤፍ እንጀራ ደህና ነው፣ ንጹህ ጤፍ ከሆነ። ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል፣ ስለዚህ የቤቱን እመን። ለእንዳንተ ዓይነቱ የሚመቸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ አፍ ላይ ምንም ሳይደረግ መሮጥ ነው። ጾመኛ ከሆንክማ ቀላል ነው። «ጉልበት ይሆነኛል» ብሎ ዳቦ በሻይ ጠጥቶ ጃንሜዳ መውረድ ግን ላንተ አይሆንም። ማስታገሻ ውጦ መጫወትም እንዲሁ፤ ወገብህን ካመመህ የዚያን ቀን እረፍ።

አሁን ዋናው። መዳፍህን ሲያሳክክህ ቁም። «ይህቺን ኳስ ልጨርስ» የለም፣ ወደ ቤት መሮጥም የለም። ተጋደም፣ እግሬን ከፍ አድርጉልኝ በላቸው፤ ትንፋሽ ካጠረህ ብቻ ተደግፈህ ተቀመጥ። ተሻለኝ ብለህ ቶሎ ብድግ አትበል። ጓደኞችህ 907 ይደውሉ፣ መኪና ካለም ወዲያው ይውሰዱህ። ክሊኒክ ስትደርሱ የምትጠይቁት አድሬናሊን ነው፣ ጭን ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ የሚወጋ። ሃይድሮኮርቲዞንና ሴትሪዚን የሚባሉት የአለርጂ መድኃኒቶች በኋላ ይደርሳሉ፣ እነሱ አድሬናሊንን አይተኩም። ለብቻህ አትሩጥ። ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ጓደኛ ካለህም እሱ ለብቻ ከመሮጥ አይሻልም፣ ስለዚህ ይሄን ገጽ አስነብባቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ጂም ገብቼ ላብ ሲጀምረኝ ደረቴና ክንዴ ላይ ጥቃቅን ሽፍታ ይወጣል፣ ይለበልበኛል። ሙቅ ሻወር ስወስድም፣ ስናደድም ይወጣል። ቀዝቀዝ ስል ይጠፋል። ከላይኛው ጋር አንድ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይመስልም፣ እህቴ። ቁልፉ ሻወሩ ነው። ከላይ ያልነው በሙቅ ውሃ አይነሳም፣ ያንቺ ግን ሰውነትሽ በሞቀ ቁጥር ይነሳል። ይሄ ኮሊነርጂክ አርቲካሪያ የሚባለው ነው፦ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ ነጠብጣቦች፣ ዙሪያቸው ቀላ ያለ። ይረብሻል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ አይደለም። ሐኪም እንደ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ያለ እንክብል በየቀኑ ሊያዝልሽ ይችላል። ሥራው ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው እንቅልፍ የሚያመጣውን ክሎርፌኒራሚን ከመዋጥ እነዚህን ይምረጥ። ጂምሽን ተይ የሚል ካለ አትስሚው፣ ቀስ ብለሽ ግን ጀምሪ። ማዞር፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የከንፈር እብጠት ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ከላይ ለወንድማችን ያልኩትን አንብቢ።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ ትምህርት ቤት ሯጭ ነው። በልቶ ሲሮጥ ስለሚነሳበት ኤፒፔን (ራስን በራስ የሚወጉበት የአድሬናሊን መርፌ) ታዞለታል። እሱ ግን እያፈረ ሎከሩ ውስጥ ይተወዋል። እኔም ስንዴ ጨርሶ ከለከልኩት። (እናት ነኝ)

መልስ፦ እሜቴ፣ ሎከር ውስጥ ያለ ኤፒፔን ልምምድ ሜዳ ላይ የለም ማለት ነው። ሯጮች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ቀበቶ አለ፣ ስልክ የሚይዘው ዓይነት፣ እሱ ውስጥ ይገባል። ሁለት ይያዝ፣ አንዱ ካልበቃ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁለተኛው ሊያስፈልግ ይችላልና። ተወግቶ ቢሻለውም 911 ይደወል። በጋ ላይ መኪና ውስጥ አይረሳ፣ ሙቀት ያበላሸዋል። አሠልጣኙ አወጋጉን ይወቅ፣ ልጁም አንድ የቡድን ጓደኛውን ራሱ መርጦ ያሳየው፤ ለጓደኛው ራሱ ሲያሳይ ሐፍረቱ ይቀላል።

ስንዴውን ጨርሶ ስለመከልከል ግን ሐኪሙን ይጠይቁ። አንዳንዱ ልጅ ጨርሶ እንዲተው ይታዘዛል፣ ብዙው ግን ከሩጫ በፊት ብቻ ነው የሚከለከለው። ልምምድ በሌለበት ቀን ማታ ፓስታውን በልቶ የሚያድር ልጅ ከሆነ፣ ምናልባት እርስዎም እሱም ትንሽ ትተነፍሱ ነበር።