የዓሣ ቆዳ ጄላቲን አልረጋ ሲል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንድ አንባቢ ለላብራቶሪ ሥራው ጄላቲን ሊያወጣ የቲላፒያ ቆዳና ቅርፊት ቀላቅሎ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ዘፈዘፈ። ከዚያ ኮምጣጤ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ አራት ሰዓት ሙሉ አፈላው። ያገኘው ቡናማ፣ የሚያረፋና ዓሣ ዓሣ የሚሸት ፈሳሽ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ቢያድርም አልረጋም። ጓደኛው «ውሃ በዝቶበት ነው፣ መልሰህ አፍላው» አለው። አፈላው። አሁን እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ግን አሁንም አይረጋም።

ወንድሜ፣ ጥርጣሬዬ ሙቀቱ ላይ ነው። ቡናማ ቀለም ያለውና የሚጣበቅ፣ ግን የማይረጋ ፈሳሽ ሳይ መጀመሪያ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ጄላቲኑ ከቆዳው ወጥቷል፣ ግን ተቆራርጧል። ለማረጋገጥ 10 ግራም ፈሳሽ መዝነህ 105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው። የቀረው ከ0.2 ግራም በታች ከሆነ ተሳስቻለሁ፣ ፈሳሽህ ቀጥኖ ነው እንጂ አልተበላሸም። ግማሽ ግራምና ከዚያ በላይ ደረቅ ነገር ካለውና ፍሪጅ ውስጥም ካልረጋ ግን ነገሩ አብቅቷል። የተቆረጠ ጄላቲን አይቀጠልም። ጓደኛህ ያስፈላህ ነገር ደግሞ የቀረውንም ጨረሰው። እንዲህ ዓይነት «ጥገና» የሚያይን ሰው ያናድደዋል፤ ብዙዎች ማፍላት ውሃውን ብቻ የሚቀንስ ይመስላቸዋል።

ምክንያቱን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይሄ ከገባህ የቀረው ሥራ በራሱ ግልጽ ይሆንልሃል። ቆዳ ውስጥ ያለው ኮላጅን ማለት ሦስት ረጃጅም የፕሮቲን ሰንሰለቶች እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑበት ነገር ነው። እያንዳንዱ ሰንሰለት 1,000 ያህል አሚኖ አሲድ አለው፣ በየሦስተኛው ቦታ ላይ ግላይሲን ይቀመጣል፤ ትንሿ እሷ ስለሆነች መሀል ላይ የምትገባውም እሷ ብቻ ናት። ጉንጉኑን አጥብቀው የሚይዙት ደግሞ ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን የሚባሉት ናቸው። ዓሣ ውስጥ እነዚህ ከላም ቆዳ ያነሱ ናቸው፣ በተለይ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ የሚኖር ዓሣ። የኮድ ዓሣ ጄላቲን 10 ዲግሪ ላይ እንኳ አይረጋም ማለት ይቻላል፤ ቲላፒያ የሞቀ ውሃ ዓሣ ስለሆነ በጣም ይሻላል። ስለዚህ የዓሣ ቆዳ ጉንጉን የሚፈታው በትንሽ ሙቀት ነው፣ ማፍላት አያስፈልገውም። ሲፈታ ሰንሰለቶቹ ውሃው ውስጥ ይበተናሉ፤ ጄላቲን የምንለው እነዚህን ነው። ሲቀዘቅዝ እዚህም እዚያም መልሰው ይያያዛሉ፣ መሀላቸው ውሃ ይዘው መረብ ይሠራሉ። መርጋት ማለት ይሄ ነው። አንተ ግን ለሰዓታት ስታፈላው፣ ያውም ኮምጣጤው በደንብ ሳይታጠብ፣ አሲዱና ሙቀቱ ተባብረው ሰንሰለቶቹን ቆራረጧቸው። አጭር ቁራጭ ይጣበቃል እንጂ መረብ መሥራት አይችልም።

ስለዚህ እንደ አዲስ ጀምር። ቅርፊቱን ለይ። ቅርፊት ውስጥ የካልሲየም ማዕድን ስላለ መጀመሪያ ማዕድኑ መውጣት አለበት፣ ያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቆዳው ትኩስ ወይም በረዶ ውስጥ የቆየ ይሁን። ሥጋና ስቡን በቢላ ፋቅ፣ ሽታው በአብዛኛው ከዚያ ነው። ከዚያ ቆራርጠው።

ኮስቲክ ሶዳው በሊትር 4 ግራም ይበቃል፣ 0.1 ሞላር ማለት ነው። ሁልጊዜ ሶዳውን ውሃው ላይ ጨምር፣ በፍጹም ውሃ ሶዳ ላይ እንዳታፈስ፤ ይፈላና ፊትህ ላይ ይረጫል። መነጽርና ጓንት አድርግ። የአሉሚኒየም ድስት አትንካ፣ ሶዳው ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅንም ያወጣል። የቧንቧ መክፈቻ ዱቄት ገዝቶ «ያው ሶዳ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። አንዳንዱ ሆን ተብሎ የአሉሚኒየም ቁራጭ ተጨምሮበታል። ለላብራቶሪ የተዘጋጀውን ተጠቀም። ቆዳውን በቀዝቃዛው ሶዳ ሁለት ሰዓት ያህል አቆየው፣ መሀል ላይ ፈሳሹን ቀይርለት፣ ከዚያ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 7 እስኪጠጋ እጠበው።

ቀጥሎ ኮምጣጤ። 5 በመቶ የሆነው ነጭ ኮምጣጤ 60 ሚሊ ሊትር ይዘህ በውሃ አንድ ሊትር አድርሰው። ሦስት ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ቆዳው ያብጣል። አሁን እጠብ፣ እጠብ፣ እጠብ፤ ፒኤቹ ከ5 እስከ 6 እስኪገባ። ርካሹን የፒኤች ወረቀት አትመነው፣ 4ን ከ6 የማይለይ አለ። ሜትር ካለ በሜትር ለካ።

ከዚያ ንጹህ ውሃ ጨምረህ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ላይ አሳድረው። ከዚያ በላይ እንዳይወጣ። ርካሽ ሆት ፕሌት መደወያው ላይ 50 ቢልም፣ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ብረቱ ነው፣ ስለ ፈሳሹ አይደለም። ቢከሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ ቴርሞሜትሩን ቀጥታ ፈሳሹ ውስጥ አድርግ።

በጨርቅ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ ወረቀት አጥልለው። ማወፈር ከፈለግህ አታፍላ። ዝርግ ሳህን ላይ ስስ አድርገህ ከ45 ዲግሪ በታች በማራገቢያ አድርቀው። ስትፈትነው 7.5 ግራሙን በ105 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሟና 10 ዲግሪ ላይ 17 ሰዓት ያህል አቆየው። የጄላቲን ጥንካሬ በመደበኛው የብሉም ፈተና የሚለካው በዚህ መጠን ስለሆነ ከሌሎች ውጤት ጋር ማወዳደር ትችላለህ። የላብራቶሪ ዕቃ የነካውን ግን አትቅመስ።

ሶዳውን ደግሜ እላለሁ፦ ሶዳ ወደ ውሃ፣ ውሃ ወደ ሶዳ አይደለም፣ መነጽር ሳታደርግ ክዳኑን አትክፈት። ዓይንህ ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠበውና ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ። የአሁኑ ቆዳ ይህን ሁሉ አልፎም ካልረጋ ያደረው ውሃ ስንት ዲግሪ እንደነበርና ፒኤቹን ጻፍልኝ።