ቻርተር ስኩል ለመክፈት ለምታስቡ ልጆቼ

ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ ወጣት መምህራን ቻርተር ስኩል፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ግን በራሱ ቦርድ የሚመራ ትምህርት ቤት፣ እንከፍታለን እያላችሁ ታማክሩኛላችሁ። ደስ ይለኛል። ግን የምትነግሩኝ ስለ ስሙና ስለ አማርኛ ክፍሉ ብቻ ነው። ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ሂሳብ ስላሳለፍኩ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ የት ስቴት እንደምትከፍቱ ነው።

ከዲሲ ድልድዩን ከተሻገራችሁ ቨርጂኒያ ናችሁ፤ ሕጉ ግን ሌላ ዓለም ነው። ዲሲ የሚሠራው ኮንግረስ ባወጣው የ1995 ሕግ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ራሱን የቻለ የቻርተር ቦርድ ነው። ዛሬ ከከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ የሚጠጉት በቻርተር ስኩል ይማራሉ። ቨርጂኒያም ከ1998 ጀምሮ ሕግ አላት። ፈቃጁ ግን የአካባቢው ትምህርት ቦርድ ነው። ተማሪና በጀት ለሚሻማው ማን ይፈርማል? በስቴቱ ሙሉ ያሉት ቻርተሮች አሥር አይሞሉም። ሜሪላንድም በ2003 ሕጓ ሥልጣኑን በዋናነት ለአካባቢ ቦርዶች ሰጠች፤ አብዛኞቹ ያሉት ባልቲሞር ከተማ ነው። የቻርተሮቹ መምህራን ደግሞ የአካባቢው ትምህርት ቢሮ ሠራተኞች ናቸው። «ደመወዙን እኔ ነኝ የምወስነው» ያላችሁኝ፣ ይቺን ልብ በሉ።

ዲሲ አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ አይደለም። ፈቃዱ የ15 ዓመት ቢሆንም ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ትገመገማላችሁ፤ ካልሠራችሁ ይዘጋል። ትክክል ነው ባይ ነኝ።

ገንዘቡ የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ከወላጅ ክፍያ መጠየቅ የለም። ሁሉም የሚረሳው ሕንፃውን ነው። ዲሲ ለሕንፃ ብቻ በተማሪ በዓመት ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ትሰጣለች። 300 ልጅ ካላችሁ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው። ይህ በሌለበት ስቴት ኪራዩ የሚከፈለው ለማስተማሪያ ከመጣው ገንዘብ ነው። ጥሩ መምህር የሚለቅባችሁ ያኔ ነው።

ሕግም ቢሆን አይታመንም። ሲያትል ያለችበትን ዋሽንግተን ስቴት ተመልከቱ። ሕዝቡ በ2012 ድምፅ ሰጥቶ የቻርተር ስኩል ሕጉን አጸደቀ። በ2015 ትምህርት በተጀመረበት ሰሞን የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፤ ቻርተሮቹ በሕዝብ ባልተመረጠ ቦርድ የሚመሩ ስለሆኑ ለመደበኛ ትምህርት ቤቶች የተመደበው ገንዘብ አይገባቸውም አለ። በ2016 ሕግ አውጪዎቹ ገንዘቡ ከስቴቱ ሎተሪ ገቢ እንዲመጣ አድርገው አዳኗቸው። የዚያን ሰሞን ወላጆች ጭንቀት አስቡት።

እና የሚቀጥለውን ዕቅድ ስትልኩልኝ፣ የስቴቱን ሕግ የገንዘብ አንቀጽና የሕንፃውን የኪራይ ውል ረቂቅ አያይዙልኝ።